የሰከላ ጋን፣ የወምበርማ ጋን

ጥር 2፣ ቅዳሜ
ጋኖቹን አጥቤ በወይራ አጠንሁ። የዛሬ ሥራ ይኸው ነበር... ከዚያ ልጄ ወንዳወቅ ከፈረንሳይ ደወለ። ቡርጎኝ በሚሉት አገር፣ ወይን እርሻ ላይ ነው የሚሠራው። ሠርጉን እዚያ አድርጓል፤ የዘመዱን ድግስ የካቲት 1 እዚህ ቡሬ ልንደግስ ነው። ሚስቱ ክሌር እንደምትመጣ አውቃለሁ። «እማ፣ እናቷም ይመጣሉ» አለኝ። ሴትዮዋ ወይን ጠማቂ ናት። አያቷም፣ ቅድመ አያቷም። እንግዲህ የኔን ጠጅ ልትቀምስ... ምን ትለኝ ይሆን?

ጥር 6፣ ረቡዕ
መጡ። ኦዲል ትባላለች። ስጨብጣት ገረመኝ፤ እንደኔው የተሰነጣጠቀ እጅ። ጠጅ ቀዳሁላት። ብርሌውን ወደ ብርሃን አነሳች፣ አሸተተች፣ አፏ ውስጥ አገላበጠችው። ልትተፋው ነው ስል ዋጠችው። የሆነ ነገር ተናገረች።
«ምን አለች?»
ወንዳወቅ ሳቁን ያዝ አድርጎ፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ሦስት ሰው ባንዴ ሲያወራ እየሰማሁ ነው አሉ።»
ስድብ ነው? ምስጋና? ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ።

ጥር 7
ጠጁን የጣልሁባቸውን ሦስት ማሮች ልያቸው አለች። የሰከላውን፣ የወምበርማውን፣ የደንበጫውን አንድ በአንድ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፍና! ከዚያ አወራች፤ ወንዳወቅ ተረጎመ። በአገሯ አንድ ተራራ በድንጋይ አጥር ተከፋፍሏል። ወይኑ አንድ ዓይነት ነው። ግን ካጥሩ በላይና ካጥሩ በታች ያለው ጣዕሙ ይለያያል፤ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ስም አለው። ጥንት መነኮሳት ናቸው የለዩት። አፈሩን እየቀመሱ ነው ይባላል።
«አፈር?»
«አፈር፣ እማ።»
ሳቅሁ። እሷ ግን ጠየቀችኝ፤ «አንቺስ ለምን ትቀላቅያቸዋለሽ?»
እናቴ ስለምትቀላቅል አልኋት።

ጥር 8
ሦስቱን ለየብቻ ጣልሁ። ጎረቤቴ ካሰች፣ ስንት ዘመን አብራኝ ጌሾ የወቀጠች፣ ጭንቅላቷን ያዘች። «አብደሻል? ለልጅሽ ድግስ? ቢበላሽስ ቡሬ ሙሉ ሲስቅብሽ!»
እውነቷን ነው። ግን ጣልሁት።

ጥር 14፣ ሐሙስ
ወንድሜ መምሬ ገብረ ኢየሱስ ከሰከላ መጡ። ነገሩን ሰምተዋል። «ጠጅ ጠጅ ነው፣ ሀብትነሽ። በዘመድ ፊት እንዳታዋርጂን።»
«ቀምሰው ይፍረዱ» አልኋቸው።
ኦዲል ደግሞ ዛሬ በአገሯ የወይን ጠማቂዎች ጠባቂ የሆነው ቅዱስ በዓል ነው አለች። ምስሉን ተሸክመው መንደሩን ይዞራሉ። መምሬ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን አስጠጉ። ጥያቄያቸው አላልቅ አለ... ወንዳወቅ ምሳውን እንኳ በቅጡ አልበላም።

ጥር 22
የወምበርማው ፈላ፣ ገነፈለ፣ ወለሉን አጠበው። የሰከላው ደህና ነው። የደንበጫው ዝም! ኦዲል ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። እኔም በዚያኛው በኩል ለጠፍሁ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ምንም የለም። ራሷን ነቀነቀች። ተሳሳቅን።

ጥር 29
የደንበጫው አልሆነም። ጣፋጭ ብርዝ ሆኖ ቀረ። ለልጆች ይሁን።

የካቲት 2
ትናንት! ከየት ልጀምር?
ለመምሬ ሁለት ብርሌ አቀረብሁላቸው። የቱ የየት እንደሆነ አልነገርኋቸውም። አንዱን ቀምሰው አስቀመጡት። ሁለተኛውን ቀመሱ... ብርሌውን አላስቀመጡም።
«ይችስ የኛ ናት። አደይ ሲፈነዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው መስክ እንዲህ ነው የሚሸተው። አይደለም?»
«ነው፣ መምሬ።»
«እንግዲያ ድገሚኝ።»
ከዚያ ድንኳኑ ለሁለት ተከፈለ። የወምበርማ ዘመዶች የኛ ይበልጣል፣ የሰከላዎቹ የለም የኛ... ካሰች ከሁለቱም ወገን ሆና እየጠጣች! ኦዲል ተነስታ እጆቿን አንስታ እያሽከረከረች «ላ ላ ላ» አለች። በአገሯ ሲጠጡ እንዲህ ነው አሉ። ሰዉ በእስክስታ መለሰላት። እግሬ እስካሁን ያመኛል።

ሰኔ 10
ፍኖተ ሰላም። ዝናብ። ከመናኸሪያ በባጃጅ፣ ለሰው ፎርም ወደምትሞላው ልጅ፣ ወደ ሕሊና፣ ሄድሁ። ለፓስፖርት ነው። ኦዲል ለመስከረም ወይን ለቀማ ጠርታኛለች።
ስም፣ ዕድሜ... «ሥራስ፣ እትዬ?»
በየቢሮው ሠላሳ ዓመት የቤት እመቤት ስል ነው የኖርሁት። ዛሬም ከአፌ ሊወጣ ነበር።
«ጠጅ ጣይ በይ» አልኋት።
ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?»
«ጻፊው።»
ጻፈችው።