ከሾላው ቅርንጫፍ እስከ ግንቡ

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ እቤትሽ ድረስ ይግባ። ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? ደረጃ መውጣት ቀንሺ ያለሽን ሐኪም ሰማሽው ወይስ እንደ ልማድሽ እሱንም ተቆጥተሽው ወጣሽ? ትልቋ ፈተናዋን ጨርሳ እፎይ እንዳለች ጋሼ ነግሮኛል፤ ጎበዝ በይልኝ። ትንሹንም ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ አልልሽም፤ ሁለት ወረቀት ቀድጄ ሦስተኛው ላይ ነኝ። ባልሽ፣ ጋሼ፣ ግን ደህና ነው። ሳሉ ለቆታል፣ ዛሬም ምሳውን ሙልጭ አድርጎ በላ። ይህን የምጽፍልሽ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከነብሯ ግቢ አጠገብ ባለችው የመሣሪያ ቤት ውስጥ የችግኝ ሣጥን ላይ ተቀምጬ ነው።

እትዬ፣ ፈርቻለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስፈራ የምሮጠው ወደ አንቺ ነው፤ አሁንም ሌላ መሮጫ የለኝም። ከሥሩ ካልነገርኩሽ ግን አይገባሽም፤ ታገሺኝ።

ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቅሽ "አትክልተኛ ናት" ብለሽ እንደምትገላገዪ አውቃለሁ። ይሁን። ይህ የአራዊት ማቆያ የዛሬ ሁለት ዓመት የቀጠረኝ የሲሚንቶውን ጎጆ አፍርሼ በምትኩ መሬት እንድሠራ ነው። ሣር፣ ቁጥቋጦ፣ የሚፈስ ውሃ፣ ፀሐይ የሚሞቅበት ድንጋይ። የሚታሰበው መጀመሪያ ለእንስሳዋ ነው፣ ቀጥሎ አብረዋት ለሚኖሩት ወፍና ነፍሳት፣ መጨረሻ ለተመልካቹ። ንድፉን ከመሳሌ በፊት ባዶው ቦታ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ በእጄና በጉልበቴ ዳህኩ፤ ከነብር ዓይን ከፍታ ምን እንደሚታይ ለማወቅ። ጋሼ እያየ ይስቃል። "አሁንማ ሱሪሽን የምታጥብልሽ እህትሽ እዚህ የለችም" ይለኝ ነበር።

ነብሯን ታውቂያታለሽ፣ "ወይዘሮ" የምንላት። ዘጠኝ ዓመት ከሲሚንቶ ሳትወርድ ኖረች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሥራ አንድ እርምጃ ሄዳ ትዞራለች፣ አሥራ አንድ እርምጃ ተመልሳ ትዞራለች፤ መዳፏ ተልጦ ነበር። ዘጠኙንም ዓመት ያበላት ጋሼ ነው። አሁን ጡረታው አሥራ አንድ ወር ሲቀረው ወደ መኖ መጋዘን፣ ወደ ቀላሉ ሥራ ሊዛወር ነበር። ከአንተ ሌላ ሰው አታምንም፣ አዲሱን ግቢ እስክትለምድ ቆይልኝ ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። ይህን አንቺ አታውቂም ነበር፤ እወቂው።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሁለት ጊዜ ተጣላን። አንዱ በመደበቂያው ነው። ነብር ሳትታይ ማየት ካልቻለች አታርፍም ብዬ ቁጥቋጦና ድንጋይ ውስጥ አራት መደበቂያ አበጀሁላት። ሰው ከፍሎ የሚያየው ሣሩን ነው ወይ አለኝ። ተከራክሬ ረታሁት። ሁለተኛው ግቢው ውስጥ ባለው የሾላ ዛፍ ነው። ይቆረጥ አለ፤ እኔ ደግሞ አንድ ጥላና አንድ መውጫ ዛፍ ያላት እሱን ነው ብዬ ግንዱን ያቀፍኩ ያህል ተሟገትኩ። ደንባችን ግቢውን ከከበበው ግንብ በስድስት ሜትር ውስጥ ነብር ተንደርድራ ልትዘልበት የምትችል ነገር እንዳይኖር ያዛል። በራሴ ሜትር ለካሁ። ከቅርንጫፉ ጫፍ እስከ ግንቡ ስድስት ሜትር ተኩል። ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ዛፉም ተረፈ።

እሑድ ጠዋት ጋሼ የማደሪያዋን በር ከፈተላት። ግማሽ ቀን ደፉ ላይ ቆመች። ከዚያ አንድ እግሯን አፈሩ ላይ አድርጋ አነሳችው፣ ደግማ አደረገችው፣ ቀስ ብላ ሣሩ ውስጥ ገባች። ጋሼ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም።

አራት ቀን ሆነ። ማታ ማታ ወደ ማደሪያዋ እንድትመለስ ይጠሯታል፣ አትመጣም። ሥጋዋን ጋሼ በጠባቂው በር አጠገብ ባለችው ትንሽ የብረት መስኮት ይገፋላታል፤ ጠዋት የለም። ግን የሰፈሩ ድመት ሁሉ በፍሳሽ ቱቦው እንደሚገባ እናውቃለን። ሰዉ ደስ ብሎታል። ባልደረቦቼ መጥተው ጨበጡኝ፤ ነብር ካልታየች ግቢው ሠርቷል ማለት ነው አሉኝ። እኔም ሳቅሁ።

ማክሰኞ ቀና ብዬ ሾላውን አየሁት። እትዬ፣ እኔ የለካሁት በደረቁ ወራት ነው። ያኔ ቅርንጫፉ ባዶ ነበር፤ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ነበር። አሁን ዝናብ ጠጥቶ፣ ፍሬ ተሸክሞ፣ ከላይ ወርዶ ወደ ግንቡ ተዘርግቷል። ሰው እስኪሄድ ጠብቄ ለካሁት። አራት ሜትር ከሩብ። ለልምምድ ለሚመጡልኝ ተማሪዎች ዛፍ በየወቅቱ ይለካል እያልኩ የማስተምር ሴትዮ እኔ ነኝ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ሣሩ ውስጥ ካለችም አትታይም፣ ከወጣችም አትታይም። ከግንቡ ማዶ መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ማዶ ትምህርት ቤት አለ። ሁለት ቀን ሙሉ አፌን ዘግቼ ዋልኩ። ዛፉን ይቆርጡታል፣ እሷን ወደ ሲሚንቶው ይመልሷታል፣ እኔን ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለት ቀን የትምህርት ቤቱን ደወል በሰማሁ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ነበር፣ ግን ዝም አልኩ። አንቺ ፊት ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጋሼን ጠራው። ቅዳሜ ምረቃ ነው፣ እንግዶች ይመጣሉ፤ ግባና የት እንዳለች አይተህ ንገረኝ አለው። ነብር ባለችበት ማንም እንዳይገባ ደንቡ ይከለክላል። የማደንዘዣ ጠመንጃ ያለው ዶክተርም ሌላ ከተማ ነው። ጋሼ እሺ አለ። ከየትኛው መደበቂያ ልጀምር ብሎ ወደ እኔ መጣ፣ እኔም ካርታ ሳልኩለት። እየሳልኩለት ሳለ አላስችል አለኝና የቅርንጫፉን ነገር ነገርኩት።

ካርታውን ከእጄ ወሰደና አጠፈው። ከዚያ፣ "አይቼዋለሁ" አለኝ። "ዝናቡ በጀመረ በሳምንቱ አየሁት። አንቺ ይህን ሳታስቢ ትለኪያለሽ ብዬ መቼ ጠረጠርኩ? በየቀኑ መዝገቡ ላይ 'ቅርንጫፍ ደህና' እያልኩ ምልክት አደርጋለሁ።"

እኔ ችግር ቢኖር ጠባቂው ይነግረኛል ብዬ ተማምኜ ነበር፤ እሱ የባለሙያዋ ስሌት ነው ብሎ ተማምኗል። ሃያ ስድስት ቀን ምልክት አድርጓል፣ ቆጠርኩት። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ውስጥ ካለች ቅርንጫፉን በጸጥታ እንቆርጣለን፣ ከሌለች ያኔ እንናገራለን፣ ለጡረታዬ አሥራ አንድ ወር ነው የቀረኝ አለኝ። እኔን ደግሞ ወይዘሮ ምንም አታደርገኝም፣ ታውቀኛለች አለ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል። በአንቺ ስም ማልኩለት። አሁን ምን ላድርግ? አጠገቤ ብትኖሪ ትነግሪኝ ነበር።

ዓርብ ማታ ሊሆን ሲል

ትናንት ሳልጨርሰው ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። እዚያው ላይ ልቀጥልልሽ።

ጠዋት አብሬው ሄድኩ። የጠባቂው በር ዝቅ ያለ የብረት በር ነው፣ ጎንበስ ብለሽ ነው የምትገቢበት። ረጅም ዱላ ይዟል፣ የሳልኩለትን ካርታ ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጓል። ጎንበስ አለና ቁልፉን ከተተ። የሸሚዙ ኮሌታ ወደ ኋላ ሸሽቶ አንገቱ ታየኝ፤ አንቺ የምታስተካክዪለት ጠጉር አድጓል። እዚያ ላይ መሐላዬን ረሳሁት። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀዩን የአደጋ ደወል ቁልፍ ተጫንኩት።

ደወሉ ግቢውን አናወጠው። ጋሼ ቀና ብሎ አየኝ። እንዲህ አይቶኝ አያውቅም፣ ደግሞም እንዲያየኝ አልፈልግም።

የሆነውን ላሳጥርልሽ። የጎብኚ በር ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን በክፍላቸው አስቀመጠ፣ ፖሊስ መንገዱን ያዘ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ስለ ቅርንጫፉ ሁሉንም ተናገርኩ። ቅርንጫፍ በየቀኑ የሚያየው ማን ነው አለ። መዝገቡ መጣ። ያን አስቤ አልነበረም እትዬ፤ ቀዩን ቁልፍ ስጫን የሱን መዝገብ ጨርሶ አላሰብኩትም። ጋሼን ቁልፎችህን አስረክብና ቤትህ ሂድ፣ ስለ ጡረታህ ኮሚቴው ይወስናል አሉት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከቀለበቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ።

"አንድ ሰዓት ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?" አለኝ።

 ልብሱን በፌስታል ይዞ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደ።

ዶክተሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ከመግባታችን በፊት ከላይ እንይ ብሎ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ካሜራ አሰረና ከውጭ በኩል ወደ ግንቡ ውስጥ አዘቀዘቀው። እኔ ምስሉ የሚታይበትን ስክሪን ያዝኩለት፤ እያንዳንዱን ድንጋይ የማውቀው እኔ ነኝና። አራቱንም መደበቂያ አየን። ባዶ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ከኋላችን ግንባሩን ይዞ ቆሟል። እኔ የማስበው ትምህርት ቤቱን ብቻ ነበር። ዶክተሩ ካሜራውን ሊያወጣ ወደ ጠባቂው በር መለስ ሲያደርገው ጭራ አየሁ።

ከበሩ በላይ በውስጥ በኩል አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ንድፌ ላይ መደበቂያ ተብሎ አልተጻፈም። ጋሼ በክረምት ሲገባና ሲወጣ ዝናብ አንገቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ብዬ ያስቀመጥኩለት ነው። ወይዘሮ እዚያ ላይ ተኝታለች። አጠገቧ የአምስት ቀን አጥንት ተከማችቷል፤ ድንጋዩ ላይ የበቀለው ሣር በገላዋ ልክ ተደፍጥጧል። ፊቷ ወደ ታች ነው፣ ወደ በሩ። ሰው ጎንበስ ብሎ ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ጭንቅላቱ ነው።

ዶክተሩ ካሜራውን ቀስ አድርጎ አወጣ።

ምግብ የሚመጣው ከዚያ በኩል ስለሆነ ይሁን፣ ሰውየው ናፍቋት ይሁን፣ ሌላ ይሁን አላውቅም። ዶክተሩም አላውቅም አለ። ይህን ያየነው ሦስታችን ብቻ ነን፤ እንዳይወራ ለመንኳቸው፣ እሺ አሉኝ። ለጋሼ በስልክ የነገርኩት ውስጥ ተገኘች፣ ደህና ናት ብዬ ብቻ ነው። "አላልኩሽም? ታውቀኛለች እኮ" አለኝና ዘጋው።

ኮሚቴው ስለ ቅርንጫፉ በጽሑፍ ጠይቆኝ መልሼለታለሁ። ጠባቂው ነግሮኝ እንደነበር፣ ስሌቴ ነው ግድ የለም፣ ደህና ብለህ ምልክት አድርግ ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ጽፌ ፈርሜአለሁ። የጡረታው ወረቀት ሲደርሰው እንዴት ሆነ ብሎ እንዳይመረምር አንቺ ወሬ አስቀይሪው። እኔ ለጊዜው ሥራ ስለማይኖረኝ ምናልባት ጉልበትሽ እስኪሻል መጥቼ ደረጃውን እኔ እወጣልሻለሁ፤ እሱ እቤት እያለ መግባት ከቻልኩ።

ጋሼ ከዚህ ደብዳቤ በፊት ይደርሳል። ፈቃድ ወሰድኩ ይልሽ ይሆናል፤ እመኚው። ቆይቶ እህትሽ ለከንቱ ነገር ሸጠችኝ ይላል፣ እመኚው። የድንጋዩን ነገር እንዳትነግሪው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ እሱን አልነጥቀውም። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር በሩ ይከፈታል። ይህን ወረቀት አንብበሽ ስታበቂ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው።

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ጋሼ እኔን ሲራገም ዝም ብለሽ አድምጪው። ሲጨርስ አጠገቡ ተቀመጪና፣ አንገቱ ላይ ያደገውን ጠጉር አስተካክዪለት።

ታናሽሽ