አነስ ሳይድን በፊት

ለተከበሩ የአእምሮ ጤና ሕግ አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ልጆችዎ፣ ቤትዎ እንዴት ነው? አላህ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ። እኔ ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ የአነስ ኢብራር ታላቅ እህት ነኝ። ይህን ሰላምታ በችኮላ እንዳያልፉት በትሕትና እለምንዎታለሁ፤ ወንድሜን ያስያዘው ሰላምታ ነውና።

አነስ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። እናታችን፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሰው ሰላም ስትል ጤናውን፣ ልጆቹን፣ ቤቱን ጠይቅ ብላ አስተማረችው። እኛ ጠይቀን መልሱን ሳንሰማ እንሄዳለን፤ እሱ ግን መልስ እስኪያገኝ የጨበጠውን እጅ አይለቅም። ሰፈሩ ለምዶታል። ጎረቤታችን እትዬ ዋጋነሽ ሲቸኩሉ ገና ከሩቁ ሁሉም ደህና ነው፣ ልጆቹም ደህና ናቸው እያሉ ያልፉታል። ባለፈው ክረምት ግን ታክሲ ፌርማታው ላይ የጨበጣቸው አንድ እንግዳ ሰው ስለ ልጆቻቸው መጠየቁን አልወደዱትም። ጮኹ፣ ፖሊስ መጣ፣ አነስ የፖሊሱንም እጅ ጨበጠ። የዚያኑ ዕለት ወደ አእምሮ ሕሙማን ማቆያ ተወሰደ፤ ዛሬም እዚያው ነው።

ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. የአእምሮ ሕመምንና የእድገት ውስንነትን ለይቶ የማያይ አሠራር ነበረን፤ ረቂቅዎም ሁለቱን በአንድ አንቀጽ እንዳሉ ስለተዋቸው፣ ለቆጠቡልን ወረቀት አመሰግናለሁ።

2. ሐኪሙ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሲድን ይወጣል ብለውኛል። ያልታመመ ሰው ከምን እንደሚድን ብጠይቃቸው፣ እሳቸውም እንደማያውቁ፣ ደንቡ ግን እንዲህ እንደሚል በቅንነት ነገሩኝ።

3. ቤቱ መመለስ ይፈልግ እንደሆነ አነስን የጠየቀው የለም፣ ቃሉ አይቆጠርምና። የእኔም ቃል፣ ሞግዚቱ እስካልተባልኩ ድረስ፣ አይቆጠርም። ሞግዚት ልሁን ብዬ ፍርድ ቤት ስሄድ ወደ ወረዳ ሂጂ፣ ወረዳ ስሄድ አዲሱ ሕግ እስኪወጣ ጠብቂ ተባልኩ። እነሆ እየጠበቅሁ ነው፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

4. ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር። ባለፈው እሁድ ልጠይቀው ሄጄ እጄን ዘረጋሁለት። ጨበጠኝና ወዲያው ለቀቀኝ። ደህና ነሽ ወይ እንኳ አላለኝም። ነርሷ እዚያ የሚወጉት መርፌ እየሠራለት እንደሆነ፣ ትልቅ መሻሻል እንዳሳየ በደስታ አበሠረችኝ። እኔም አመስግኛት ወጣሁና በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው፦ ሁለቱን ለዩልን፣ ባለጉዳዩንም ራሱን ጠይቁልን። እባክዎን፣ ወንድሜ ጨርሶ ሳይድን በፊት ይፍጠኑልን።

ለሚያደርጉልንም ለማያደርጉልንም ሁሉ ከወዲሁ እጅ እየነሳሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከተገደደ ትዕግሥት ጋር፣

ጁወይሪያ ኢብራር
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዬን ስጀምር ጤናዎን ጠይቄ ነበር። ባይመልሱልኝም አይጨነቁ፤ መልስ እስኪያገኝ እጅዎን ይዞ የሚቆም ሰው በሰፈራችን አሁን የለም።