ዋጃ ላይ ያልተቆፈረው ጉድጓድ

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ዛሬ ዋጃ አጠገብ ወዳለው የጋሼ ሞላ ማሳ ሄጄ ነበር። መሥሪያ ቤታችን አምና ባደረገው የአፈር ጥናት ማሳው «ጥልቅ ጥቁር ዋልካ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ» ተብሎ ተመድቧል። ውኃ ያቁራል ተብሎም ከመስኖው ዕቅድ ወጥቷል። አቤቱታ ስላቀረቡ ላጣራ ነው የሄድኩት።

ጋሼ ሞላ አካፋዬን እያዩ «ደግሞ ምን ልትወስዱብኝ ነው?» አሉኝ። አፈሩን ለማየት እንደመጣሁ ብነግራቸውም አላመኑኝም፤ ቆፍሬ እስክጨርስ ከአጠገቤ አልራቁም። እስከ ወገቤ ስወርድ ያገኘሁት ጎርፍ ያመጣው ቡናማ ደለል ነው። አርጥቤ በጣቶቼ ሳሸው አሸዋው ይኮሰኩሳል። ዋልካ ቢሆን እንደ ሊጥ ይጣበቅ ነበር።

«አምና የቆፈሩት ሰዎች ምን አሉዎት?»

«ማን ቆፈረ? እዚህ ማሳ ላይ አካፋ ይዞ የመጣ አንተ ብቻ ነህ፣ ልጄ።»

ቆቦ ወዳለው ቢሮዬ ስመለስ የማሳውን መግለጫ ሮቢት ካለ ሌላ ማሳ መግለጫ ጋር አስተያየሁት። ጥልቀቱ፣ ቀለሙ፣ የስንጥቁ ስፋት ሳይቀር ቃል በቃል አንድ ነው። ሁለቱንም የሞላው የሥራ ባልደረባዬ ደምሴ ነው። ስጠይቀው ሳቅ ብሎ «ሜዳው እኮ ሁሉም ያው ነው» አለኝ።

ለኃላፊያችን ላሳይ ብዬ የጋሼ ሞላን ማሳ መግለጫ የመጨረሻ ገጽ ገለጥኩ። «በመስክ ተገኝቼ አረጋግጫለሁ» ከሚለው ሥር ያለው ፊርማ የእኔ ነው። አምና ደምሴ የወረቀት ቁልል አምጥቶ ሲያስፈርመኝ አንዱንም አላነበብኩም ነበር።

ነገ ይዤው ኃላፊው ዘንድ ልግባ ወይስ... ደምሴ የሳቀው ፊርማዬ እንዳለበት እያወቀ ይሆን?