ምሳው የቀዘቀዘበት ዘፈን

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይስ አሁንም በአፍንጫህ ነው የምትዘፍነው? እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ከሥራ አላስቀረኝም። እማዬም ትበላለች፣ ትተኛለች፣ አበባዎቿን ታጠጣለች። ናፍቆትህን ግን ሁለታችንም አልቻልነውም።

ደብዳቤህ ከሲዲው ጋር ደረሰኝ። አዲሱ ነጠላ ዜማዬ ይገዛል ወይስ አይገዛም፣ እንደ እህት ሳይሆን እንደ ሙዚቃ ቤት ሻጭ ፍረጂ ብለሃል። ሌላም ጠይቀሃል። ስደውል እማዬ ለምን አታናግረኝም፣ ድምጿን ከዘፈኑ ስላወጣሁት ተቀይማኝ ነው ወይ ብለሃል። አልተቀየመችም። ከዚህ በላይ እንዳልነግርህ አስምላኛለች፤ እኔ ደግሞ መሐላ አላፈርስም። ስለዚህ ስለ ዘፈኑ ብቻ እጽፍልሃለሁ፣ አንተ ግን ቀስ ብለህ አንብበው።

የሥራዬን ደንብ ታውቃለህ። አዲስ ሲዲ ሲመጣ እስከ መጨረሻው ሳልሰማ መደርደሪያ ላይ አላወጣም። ሰምቼ ስጨርስ በቁራጭ ወረቀት ይገዛ ወይም ይቅር ብዬ እለጥፍበታለሁ። ባለሱቁ አንቺ ልጅ ልታከስሪኝ ነው እያለ ይነጫነጫል፤ ደንበኞቹ ግን ከሲዲው በፊት የሚያዩት ወረቀቴን ነው።

ያንተው ላይ ያው ዘፈን በአምስት ዓይነት አለ፤ ዋናው፣ ሌሎች የተጫወቱት ሁለት፣ ሪሚክስ ሁለት። በፒያኖ የተጫወተችው ልጅ ድምፅ አላት። ግን የእኛ ዘፈን የንዴት ዘፈን ነው፣ እሷ ለቅሶ አደረገችው። የመጀመሪያው ሪሚክስ ለጭፈራ ይሆናል፣ ጊታርህ ግን የት እንደገባ አላውቅም። ሁለተኛውን እስከ መጨረሻው የሰማሁት ደንቤን ላለማፍረስ ብቻ ነው።

ያሳቁኝ ከፒያኖዋ ልጅ ሌላ ዘፈኑን የተጫወቱት ጎረምሶች ናቸው። በልጅነታችን ቤት ውስጥ የቀዳነው ካሴት እጅ በእጅ ዞሮ ደርሷቸው ኖሮ ሁሉን እንዳለ ገለበጡት። መሃል ላይ ጊታሩ ሲያርፍ አንዲት ልጅ፣ እናንተ ልጆች ምሳው ቀዘቀዘ፣ ነገ ትጮሃላችሁ ብላ ትጣራለች። የዘፈኑ ግጥም መስሏቸው! ያን ቀን የነበረን ባዶ ካሴት አንድ ብቻ መሆኑን የት ያውቃሉ? እማዬ በሩን በርግዳ ስትገባ አንተ ጊታርህን እንደያዝክ ክው ብለህ ቀረህ፣ እኔ ደግሞ ድራም ያደረግኩትን የልብስ ሳጥን መደብደቤን ቀጠልኩ። ልጅቷ አሳምራ ነው ያለችው። ግን እንደ ሆቴል አስተናጋጅ ነው የጠራችን። እማዬ ስትጠራ እኮ ጎረቤት ሁሉ እጁን ይታጠብ ነበር።

አንተም ዋናውን አጸዳሁት ብለሃል። እውነትም አጽድተኸዋል። ጊታሩ ያርፋል፣ ከዚያ ጸጥታ ነው። ቤታችንም ከክረምት ወዲህ እንደዚያ ሆኗል።

ለእማዬም አሰማኋት። ያ ቦታ ሲደርስ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አንገቷ ላይ የማትፈታውን ሻርፕ አስተካክላ ደብተሯን ሳበችና፣ ጥሩ ነው፣ ልጄ ጎበዝ ነው ብላ ጻፈች። ሦስተኛ ደብተሯ ነው። ስትቆጣኝ ከቃሉ ሥር ሁለት ጊዜ ታሰምርበታለች።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የድሮውን ካሴት ትከፍታለች። እዚያ ቦታ ስትደርስ ትመልሰዋለች፣ ደግማ ትመልሰዋለች። እኛ ጋ ያለው ቅጂው ስለሆነ ክሩ አርጅቷል። ባለፈው ሳምንት ቴፑ በላው፣ በእርሳስ አጠንጥኜ አተረፍኩት። ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት ይሰማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።

በደብዳቤህ መጨረሻ ዋናውን ካሴት፣ ቦታ ያዘብኝ፣ ልጥለው ነው ብለሃል። አደራህን እንዳትጥለው! በላዩም ምንም እንዳትቀዳበት። ያ ድምፅ ጥርት ብሎ ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ፍርዴን ጠይቀኸኝ የለ? ይቅር ብዬ ለጥፌበታለሁ። ባለሱቁ የወንድምሽን ነው ወይ ብሎ አፉን ያዘ። አዎ፣ የወንድሜን። ድምጿን ከነ በሩ መበርገድ፣ ከነ ቁጣዋ ስትመልሰው ግን የመጀመሪያዋ ገዢ እኔ ነኝ።

ካሴቱን በፖስታ እንዳትልከው። ይዘኸው ና። እኔ ሥራ ላይ ብሆን እማዬ ቤት ናት። ስታንኳኳ ማነው የሚል ድምፅ ካልሰማህ ሰው የለም ብለህ እንዳትመለስ፤ መጥታ እስክትከፍትልህ ጠብቅ።

መንገድህን ያቅናልህ። ጉሮሮህን ይጠብቅልህ።

መሐላዋን ያላፈረሰች
እህትህ