የደፈንኩትን ቀዳዳ ወደ ነበረበት ስለመመለስ

ለተከበሩ የኪራይ ቤቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ፤ በተለይ ሳንባዎ ደህና ይሁንልኝ። ከሰውነት ክፍል ሁሉ መርጬ ሳንባን ለምን እንዳነሳሁ ዝቅ ብለው ያገኙታል።

እኔ ዘንድሮ በሕንፃ ምህንድስና የተመረቅኩ፣ ከእናቴ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል የምኖር ልጅ ነኝ። ሥራ እስካገኝ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ የጽሕፈት ቤትዎን የጥገና መመሪያ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ክቡርነትዎ ጊዜ አጥሮዎት ሳያነቡት ቀርተው ከሆነ (ውሳኔዎ እንደዚያ ያስመስላል) ባጭሩ ልንገርዎት፤ ጣሪያ፣ ግድግዳና መሠረት የአከራይ ነው፤ አምፖል፣ ቁልፍና መስታወት የተከራይ። ልብ የሚያሳርፍ ክፍፍል ነው። ዝናቡ የአከራዩን ጣሪያ አልፎ የተከራይዋን አልጋ ሲያገኝ የማን እንደሚሆን ብቻ አይናገርም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. አከራያችንን ስላላስቸገሩብን አመሰግናለሁ። የግቢው ተከራዮች ሁሉ «ጋሽ ነገ» የምንላቸው ሰው አክባሪ ሽማግሌ ናቸው፤ ጣሪያው አፈሰሰ ባልኳቸው ቁጥር ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ነገ፣ የኔ ልጅ፣ ነገ በጠዋት» ሲሉኝ ሁለት ክረምት አልፏል። ሐኪሙ እናቴ ደረቅ ክፍል ውስጥ ካልተኛች ሳንባዋ ሌላ ክረምት እንደማይችል የጻፈውን ወረቀት ሳሳያቸው እንኳ፣ መነጽራቸውን አድርገው እስከ ማኅተሙ ካነበቡ በኋላ፣ አጣጥፈው መልሰውልኝ «ይማርሽ በይልኝ» ብለዋል።

፪. ሦስት ጊዜ አመልክቼ ስለላኩልኝ ባለሙያም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጫማቸው እንዳይረጥብ ከደጃፉ ሳያልፉ አንዴ ቀና ብለው አዩና፣ ኮርኒሱ የረጠበው በተከራዮች ትንፋሽና በማብሰያ እንፋሎት ሊሆን ስለሚችል ጥገናው የተከራይ ነው ብለው ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ እናቴ ከአልጋዋ እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ቆማ የምታርፍ ሴት ናት። ቆርቆሮ አዝጎ የሚበሳ ትንፋሽ እንዳላት ከእርስዎ መሥሪያ ቤት በቀር የነገራት የለም፤ ሐኪሟ ቢሰማ እንዴት ደስ ባለው!

፫. የእኔ ጥፋት እናንተን ማመኔ ነው። የተከራይ ነው ተብሎ በማኅተም ሲጻፍልኝ፣ አክስቴ እናቴን ደግፋ ወደ ቤቷ በወሰደቻት ቀን ከጎረቤታችን ከአናጢው መሰላል ተውሼ ወጣሁና የበሰበሰውን ቆርቆሮ ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ጋሽ ነገም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ዛሬ» ብለው ተነሱና ቢሮዎ ድረስ መጥተው ከሰሱኝ። እርስዎም ጣሪያ የአከራይ ንብረት በመሆኑ፣ ተከራይዋ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ስለነካችው፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት እንድትመልስ፣ አለዚያ ቤቱን እንድትለቅ ሲሉ ወሰኑ። ሲያፈስ የእኛ፣ ማፍሰሱን ሲተው የእሳቸው! እንዲህ ያለ ጣሪያ አምስት ዓመት ተምሬ አላየሁም።

፬. ትእዛዝዎን በጥራት ለመፈጸም ግን መመሪያ ያንሰኛል። አሮጌው ቆርቆሮ ተጥሏል፤ አዲሱን ስበሳው ቀዳዳው የስንት ጣት ስፋት ይኑረው? ዝገቱንስ ቀለም ልቀባው ወይስ በራሱ ጊዜ ይምጣ? ከእናቴ ትራስ በምን ያህል ርቀት? ቤት እንዳያፈስ እንዴት እንደሚደረግ ነው የተማርኩት፤ እንዲያፈስ እንዴት እንደሚደረግ የሚያስተምር ሰው ካላችሁ እሱን ላኩልኝ።

በዚህ አጋጣሚ ቁርጡን ልንገርዎት፦ እኔ አልበሳውም። ቀነ ገደቡ የፊታችን ሐሙስ ያበቃል። የፈረመ እጅ ሚስማር መንቀል አያቅተውምና ክቡርነትዎ ራስዎ ይምጡ። መሰላሉን ከታች እኔ እይዝልዎታለሁ።

ለሰው ቤት በሚያሳዩት አሳቢነት እጅግ የተደነቅሁ፣ ከእርስዎ ማኅተም በታችና ከአዲስ ቆርቆሮ ሥር እስከ ሐሙስ ድረስ በደረቁ የምኖር፣ አክባሪዎ፣
ተከራይዋ

ማስታወሻ፦ እናቴ ጣሪያ ላይ መውጣቴን ብታውቅ ስለምትሳቀቅ፣ ያሠራልን የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው ብያታለሁ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ስምዎን ስለማታውቅ «ያ ደግ ሹም» እያለች፣ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ትመርቅዎታለች። ይህን ደብዳቤ አላነበብኩላትም። ሊበሱት ሲመጡ እባክዎ እንቅልፍ ሲወስዳት ይሁን።