ከማዳም የተረፈው መርፌ

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ ፋንታዬ፣ በአል ሂሊ የቴምር እርሻ ጠባቂ ከሆነው አጎትሽ ከንጋቱ ሰላምታ ይድረስሽ። ነርስነቱ እንዴት ነው? አሁንም በሽተኛ የምታድኚው በቁጣ ነው?

እኔ ደህና ነኝ፤ ቦርጬም ሰላም ብሎሻል። እናትሽ ግን ቀጥናለች። የምትሠራላቸው ማዳም ለውፍረት በየሳምንቱ ይወጉት የነበረውን መርፌ ሲተዉ፣ የተረፈውን ከአሮጌ ልብሳቸው ጋር ሰጧት። ለስኳርም ይሆናል ስለተባለች የራሷን የስኳር ኪኒን አቁማለች።

"ኪኒኑና መርፌው አንድ ነው እንዴ?" አልኳት።

"ኪኒኑ በየቀኑ፣ መርፌው በሳምንት አንዴ። የቱ ይሻላል፣ ዶክተር ንጋቱ?" ብላ ሳቀችብኝ።

መዝገበ ቃላት ይዤ ከመርፌው ጋር ያለውን ወረቀት አነበብኩት፤ ከትንሹ መጠን ይጀመራል ይላል። እሷ የጀመረችው ማዳሟ ካቆሙበት ነው።

እሑድ ዶሮ ወጥ ይዤላት አል ራሐ ቢች ማዳሟ ቤት ብሄድ፣ ክዳኑን ስከፍተው ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። ተመልሳም "ጾም ላይ ነኝ" አለችኝ። በበዓለ ሃምሳ ጾም! ቄሱ ቢሰሙ ይቆጡሻል ብዬ ቀለድኩባት። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር፤ አልሳቀችም።

ኪኒኑንና መርፌውን አንቺ አመዛዝኚልኝ። ስትደውዪላት ካሜራውን አስከፍቻት። ኔትወርክ የለም ትልሻለች፤ የማዳም ቤት ኔትወርክ ግን አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሰላምሽ ይብዛ፤ ዛሬውኑ ደውዪላት።

አጎትሽ ንጋቱ