ክር ሻጩ የዋጠው ክር

ለውድ እትዬ፣

ደስታ ከደጅሽ አይራቅ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ሱቁም ደርቷል፤ ልብስ ሰፊዎቹ ክርና ቁልፍ ይሻሙብኛል።

ሰሞኑን ቃር ስለበዛብኝ ባለቤቴ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ነርሷ በክር የታሰረ እንክብል አስዋጠችኝ። እንክብሉ ሆድ ውስጥ ሲሟሟ ከውስጡ ትንሽ ስፖንጅ ይወጣል። ክሩን ሲስቡት ስፖንጁ የምግብ ቧንቧን እየጠረገ ይመጣል፤ በጠረገው ላይ ወደ ካንሰር የሚያመራ ምልክት ካለ ላቦራቶሪው ይለየዋል።

«ክሩ ቢበጠስስ?» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ ተበጥሶ አያውቅም!»

«እኔም ለደንበኞቼ የምለው ይህንኑ ነው» ስላት ከት ብላ ሳቀች።

ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። አባባን እስከ መጨረሻው በማንኪያ ሾርባ እየሰጠች ያስታመመችው እሷ አይደለች? የእሱም ነገር በቃር ነበር የጀመረው።

ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል። በዚሁ ሰሞን የሱቁ አከራይ መጥቶ «ውሉን ለአምስት ዓመት እናድሰው» አለኝ፤ ዋጋውም ጥሩ ነው። መቼም ታውቂኛለሽ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላሳድርም። አሁን ግን «እስከ ሐሙስ ታገሰኝ» አልኩት። ሰውዬው ዋጋ ላስቀንስ የፈለግኩ መስሎት እየሳቀ ሄደ።

ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። የመምጫሽንም ቀን ትንሽ ብታቀርቢው አልጠላም።

ታናሽ ወንድምሽ